ባለ ዶንግል፣ ብሉቱዝ ወይስ ባለ ገመድ ማውስ? ለደሴ ጠረጴዛና ለኮምቦልቻ ቦርሳ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እያስጻፉኝ፣ ልጨርስ ስል ቀስቷ ቀጥ አለች። ማውሱን ነቀነቅኩት፣ ድንጋዩን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩት። ቀስቷ ድንገት ዘልላ ጥግ ገባችና ሳላዛት ፋይሉን ዘጋችው። ሽማግሌው አዩኝ። «ይቺ ነገር ስሟ በፈረንጅኛ አይጥ ማለት ነው አሉ። አብሽር ልጄ፣ ድመት አይታ ይሆናል።»

ከዚያ ወዲህ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ያለውን ዋየርለስ፣ ብሉቱዙንና ባለ ገመዱን እያፈራረቅኩ አይቻለሁ። ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኦሪጅናል ነው?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ የማስበው የት ቁጭ ብዬ እንደምሠራበት ነው።

ገበያውን የሞላው ዶንግል ያለው ነው። ርካሽ ነው፣ ሰክቶ ሥራ መጀመር ነው። የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን ብዙው ዋይፋይም ብሉቱዝም እዚያው ሰፈር ናቸው። የእኔን ያወከው ግን ሌላ ነበር። ዶንግሉን የሰካሁት ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ዩኤስቢ 3.0 ላይ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ። ዩኤስቢ 3.0 ዳታ ሲያመላልስ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ እንደሚፈጥር ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። ሰኞ ገበያ መሀል ቆሞ በሹክሹክታ እንደ መገበያየት ነው፤ ማውሱ ይናገራል፣ ዶንግሉ አይሰማም። በዚያ ላይ የኬዙ ብረት ይጋርደዋል። በአጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ጠረጴዛው ላይ ባወጣው መዝለሉ አብዛኛው ቀረ።

የቀረው የመስተዋቱ ጣጣ ነበር። እንደ ብዙ ጽሕፈት ቤት የእኔም ጠረጴዛ መስተዋት አለበት፤ ከሥሩ የጉርድ ፎቶ ናሙና፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ያለፈበት ካላንደር። የማውሱ ዓይን ከሥሩ ያለውን ገጽ በየቅጽበቱ ፎቶ እያነሳ፣ ፎቶዎቹን እያስተያየ ነው መሄዱን የሚያውቀው። መስተዋት ደግሞ ለዓይን የሚያዝ ነገር የለውም። ከደስጣው አንድ ኤፎር ወረቀት መዝዤ ባነጥፍለት ዳነ። ይህ ችግር ባለ ገመዱንም አይምርም፤ ስለዚህ መስተዋት ላይ እየሠራችሁ ማውስ የምትቀያይሩ ካላችሁ ብራችሁን ያዙ።

ድንጋይም ላይ አትሰስቱ። «ሄቪ ዲውቲ» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ዚንክ ነው፤ አልካላይኑ ቢወደድም በእጅጉ ይቆያል። ዶንግል ደግሞ ይጠፋል። የርካሹ ማውስ ዶንግል ከጠፋ ማውሱን ለልጅ መጫወቻ መስጠት ነው። ሎጂቴክ ዩኒፋይንግ የሚለው፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት ግን ሌላ ዩኒፋይንግ ዶንግል ተፈልጎ እንደገና ይገናኛል፤ አንዱ እስከ 6 ዕቃ ይይዛል።

ብሉቱዙን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው። ኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው፤ ላፕቶፑ ቅዳሜና እሁድ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ይኖራል። ያሉት ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ናቸው፣ አንዱን ፍላሽ ይይዘዋል። ለእሱ ቦርሳ ውስጥ ተሰክቶ የሚሰበር ነገር አለመኖሩ ትልቅ ነገር ነው። «አጎቴ፣ ግን ትተኛለች» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ባትሪ ለመቆጠብ ጥቂት ከተተወች ታንቀላፋለች፣ ስትነካ ቶሎ አትነሳም። እሱ ለምዶታል፣ እኔ ደንበኛ ቆሞብኝ አልችለውም። በአውቶካድ የምሕንድስና ሥዕል ለሚሠራ አንድ ምክር ልጨምር፦ የማውሱ መሀል ላይ ያለው ጎማ ተጭኖ ሥዕሉን የሚያንሸራትት መሆን አለበት፤ ቀጫጭኖቹና በጎማ ፈንታ የሚዳሰስ ገጽ ያላቸው ያምራሉ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ብሉቱዝ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ብሉቱዝ እንዳለው እዩ፤ ብዙዎቹ የላቸውም። ዊንዶውስ ሲጫንም ብሉቱዝ ማውስ አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም።

ስለ ገመዱ ብዙ የሚወራ የለም። ድንጋይ አይበላም፣ አይተኛም፣ አይጠፋም። የሚበላሸው አንገቱ ላይ ገመዱ ሲታጠፍ ነው። አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ የመቁጠር በሽታ ግን ከቁልፉ ከውስጥ ስለሆነ ሦስቱንም ይይዛል፤ ሱቅ ውስጥ አንድ ፎልደር ላይ ደጋግማችሁ ሳትጫኑ ገንዘብ አትክፈሉ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዲፒአይም (ማውሱ ትንሽ ሲነቃነቅ ቀስቷ ምን ያህል እንደምትሄድ የሚለው ቁጥር) አያስደንግጣችሁ፤ ለጽሕፈትና ለኤክሴል ከ800 እስከ 1600 ይበቃል።

እኔ ለቆመ ጠረጴዛ ገመዱን እላለሁ፣ ለሚጓዝ ላፕቶፕ ብሉቱዙን። ዶንግል ያለውን የምመክረው ሶፋ ላይ ሆኖ ፊልም ለሚያይ፣ ወይም ላፕቶፑ ብሉቱዙ ለሚያስቸግረው ነው።

ሽማግሌው በሳምንቱ ለፎቶ ኮፒ ተመለሱ። ገመዱን ከማውሱ እስከ ኮምፒውተሩ በዓይናቸው ተከተሉና «አሰርካት?» አሉኝ።