የወንድሜን መኪና ላዳኑልኝ የሲልቨር ስፕሪንጉ መካኒክ ምስጋና

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ የጃፓን መኪና በእጃችሁ ላለ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው የተደረገልኝ ውለታ በልቤ ብቻ ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ብቻቸውን የሚሠሩ፣ ሙያውን አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ተምረው ሥራ የጀመሩትም ሶማሌ ተራ አካባቢ የሆነ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ እዚህ ጋሼ እያልኩ ብቻ እጠራቸዋለሁ።

መኪናው በወረቀት የእኔ ይሁን እንጂ በእውነቱ የታላቅ ወንድሜ ነው። በዲቪ መጥቶ ዋሽንግተን መሀል በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ካጠራቀመ በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 የገዛው የ1991 ኒሳን 300 ዜድኤክስ ነው፤ ባለ ሁለት ቱርቦው (ቱርቦ ማለት ጉልበት እንዲጨምር ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ ነው)። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 3 ሊትር ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 300 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሲሆን፣ ወንድሜ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጨርቅ እየወለወለ ያሳየኝ የነበረው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2016 እናታችንን ለመጦር ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሲገባ ቁልፉን በእጄ አስጨብጦ «አደራ፣ ለማንም እንዳትሸጠው» ብሎኛል።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ነበር። ከተማ ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳው መኪናው ምንም አይልም። ከጆርጂያ አቬኑ ከተማውን ወደሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ወደ ቤልትዌይ፣ ለመግባት ስረግጠው ግን፣ ልክ ቱርቦው መግፋት በሚጀምርበት ቅጽበት ሞተሩ ይንተባተብና ጉልበቱ ይከዳል። አንድ ማታ በዝናብ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከኋላዬ ጡሩምባውን እየነፋ ሲደርስብኝ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጬም መኪናው አልሄድ አለኝ። እንደ ምንም ዳር ይዤ ከቆምኩ በኋላ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ብዙ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትኩባቸውን ቦታዎች በስም አልጠራም፤ ያደረሱብኝን ግን አልረሳም። የመጀመሪያው ቤት ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ቀይሮ 640 ዶላር ተቀበለኝ፤ መኪናው ግን እንደነበረው ነበር። ሁለተኛው «ቤንዚን አነሰው» ብሎ የነዳጅ ፓምፑን በ1,150 ዶላር ቀየረው፤ ችግሩ እንዳለ መሆኑን ልነግረው በማግሥቱ ስመለስ ሰውዬው ከወንበሩ ሳይነሳ «ያረጀ መኪና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። በሦስተኛው ቤት ያገኘሁት ወጣት የመኪናን ብልሽት የሚያነብ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚሰካበትን መሰኪያ ፈለገ። ዛሬ ሁሉም የሚጠቀምበት መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ስለሆነ በዚህኛው መኪና ላይ የለም። መሰኪያውን ሲያጣው አንድም ነገር ሳይለካ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ስድስቱም ኢንጀክተሮች ይቀየሩ ብሎ ከ3,000 ዶላር በላይ ጠየቀኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ የመጨረሻው ነው፤ የአገራችን ሰው ስለሆነ ተማምኜ ሰጥቼው ሦስት ሳምንት በዝናብ መስኮቱን ክፍት አድርጎ አቆመው። ወንድሜ ሲንከባከበው የኖረው ወንበር ውኃ ጠጥቶ ሲሸት ሳገኘው፣ ለአደራ ያልበቃሁ መስሎኝ እንባዬ መጣ። እሱ ግን «ለቁርጥራጭ ሽጠህ ተገላገል» ነበር ያለኝ።

ጋሼን የጠቆመችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ስደርስ ኮፈኑን እንኳ ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ሰጥተውኝ «በል ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ» አሉኝ። በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መቼ እንደሚብስበት፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ፣ ታንኩ ሲሞላ ይለወጥ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ የከፈልኩባቸውን ደረሰኞችም መነጽራቸውን አድርገው አነበቧቸው።

ቀጥለው የእሳት ማጥፊያ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በቱቦው ውስጥ የታመቀው ቤንዚን እንዳይረጭ ግፊቱን አስቀድመው አስወጥተው የግፊት መለኪያ ገጠሙበት። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ መለኪያው 34 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)፣ አንዲት ቀጭን የአየር ቱቦ ሲነቅሉ ደግሞ 43 አሳየ። «ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው መኪናህ ደህና ነው ብሎ ይሸኝሃል» አሉ። እሳቸው ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። የመለኪያውን ረጅም ቱቦ ከኮፈኑ ሥር አሳልፈው ፊቱን ከውጭ በኩል በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፉትና አጠገቤ ተቀምጠው «አሁን ወደ ሚያስፈራህ ቦታ ውሰደኝ» አሉኝ።

ቤልትዌዩ መግቢያ ላይ ስረግጠው ቱርቦው ሲገፋ አብሮ ወጥቶ ከ50 በላይ መድረስ የነበረበት ቀስት ወደ 30 ወረደ። ጋሼ ወዲያው እጄን መታ አድርገው «ልቀቅ፣ ልቀቅ፣ ይበቃል! በቱርቦ ላይ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ፒስተኑን ያቀልጣል» አሉኝ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቀበለኝ ሰው ሁሉ እንዲህ እንዳልነዳ አስጠንቅቆኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደገባኝ ያህል ብቻ ልናገር። ይህ መኪና ቆሞ ሲሠራ ለፓምፑ የሚላከው ኤሌክትሪክ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ሙሉው የሚሰጠው ሲረገጥ ነው። ጋሼ በቴስተር ሲለኩት ከ13 ቮልት በላይ ማግኘት በሚገባው ሰዓት የሚደርሰው 9 ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ፓምፑ አልታመመም፤ ተርቧል» አሉና በተከታዩ ሥራ ፈንታ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አመጡ፦ «ወንድምህን በስልክ አገናኘኝ።»

ይህችን ሰዓት ነው በሕይወቴ የማልረሳት። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ለማያውቁት ሰው ጤንነቱን፣ የእናታችንን ደኅንነት፣ የዝናቡን ሁኔታ ሳይቀር ከጠየቁ በኋላ «እዚህ መኪና ላይ የስርቆት ማስጠንቀቂያ ተገጥሞ ያውቃል ወይ?» አሉት። ወንድሜ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና አስታወሰ፤ በ2004 መስታወት ተሰብሮበት ስለነበር አንድ ሰው የቤንዚን ፓምፑን ጭምር የሚያጠፋ አላርም ገጥሞለት፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲያስቸግረው አስነቅሎታል። ጋሼ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ሽፋን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ። በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ የገመድ ቋጠሮ አወጡ፤ ሲፈቱት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት በልቶት፣ ጫፉም በሙቀት ጠቁሮ ነበር። ወንድሜ ይህን ሁሉ በቪዲዮ እያየ ነበር።

የተበላሸውን ቆርጠው፣ በአዲስ ገመድ በደንብ በይደውና ሸፍነው፣ እንደገና ወጣን። ቀስቱ ከ50 አልፎ ቆመ፤ መኪናውም ልጅ ሆኜ አብሬው የተቀመጥኩበትን ያንን ጉልበት አገኘ። ወንድሜ ድምፁን ለመስማት ስልኩን አልዘጋም ነበርና «ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!» እያለ ሲጮህ እሳቸው በመስኮቱ በኩል አቀርቅረው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። እሳቸውም ለሠላሳ ዓመት ያላዩት ወንድም አዲስ አበባ እንዳላቸው የነገሩኝ ስንመለስ ነው።

የጠየቁኝ ሂሳብ 180 ዶላር ነው። ልጨምርላቸው ብል «የሠራሁት የሁለት ሰዓት ሥራ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሌላው ቤት የቀየረውን ፓምፕም አዲስና ደህና ስለሆነ እንዳይነካ መከሩኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያንንም ቀይሮ ሊያስከፍለኝ ይችል እንደነበር አሁን አውቄዋለሁ።

ወገኖቼ፣ መኪናችሁ ሲረገጥ የሚከዳችሁ ከሆነ፣ ሦስት አራት ቤት ተመላልሳችሁ ዕቃ ብቻ እየተቀየረ ገንዘባችሁ ካለቀ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ። ሳይለኩ አይፈቱም፤ ሳይጠይቁም አይለኩም። በግል ለሚጽፍልኝ ሁሉ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ስትሄዱም የቆዩ ደረሰኞቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ መኪናውን ከእናንተ በፊት የነዳው ሰው ካለም ስልኩን አትርሱ።