ያረጀ የአፈር ግድብ ምርመራ፦ መቆፈር ወይስ ሳይቆፍሩ መለካት?

ያረጀ የአፈር ግድብ ከመጠገኑ በፊት መሐንዲሶች ውስጡን በቁፋሮ ወይም በጂኦፊዚክስ ልኬት (ሳይቆፍሩ በኤሌክትሪክ ወይም በሞገድ በመለካት) ይመረምራሉ።

የቁፋሮ ብልጫ ግልጽ ነው፤ ከግድቡ እምብርት (ውሃ እንዳያልፍ ከሚከለክለው መካከለኛ ክፍል) የወጣው የሸክላ አፈር በእጅ ተይዞ ይታያል፣ እርጥበቱና ጥንካሬው በላቦራቶሪ ይለካል፣ በጉድጓዱም ውስጥ የውሃ ግፊት የሚለካ ፒዞሜትር ይተከላል። ነገር ግን አንድ ጉድጓድ የሚያሳየው የተቆፈረበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የሚያልፍ የስርገት መስመር (ውሃ በግድቡ ውስጥ ሰርጎ የሚያልፍበት መንገድ) ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚብሰው፣ በግፊት የሚገባው የቁፋሮ ውሃ እምብርቱን ሰንጥቆ ለስርገት አዲስ መንገድ ሊከፍት መቻሉ ነው፤ ስለዚህ እምብርቱን ያለ ውሃ፣ በደረቅ ዘዴ መቆፈር ይመረጣል።

ከጂኦፊዚክስ ልኬቶች አንዱ የሆነው የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኬት ግን የግድቡን አካል አይጎዳም፤ በአናቱ ላይ በተደረደሩ ኤሌክትሮዶች አማካይነት ረጅም ርቀት ይሸፍናል። ሆኖም የሸክላ አፈርም እርጥበትም ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፉ፣ ዝቅተኛ ንባብ ብቻውን የስርገት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በካናዳ 183 ሜትር ከፍታ ባለው የቤኔት ግድብ አናት ላይ በ1996 እ.ኤ.አ. የስምጠት ጉድጓድ ሲገኝ፣ ቁፋሮና የሴይስሚክ (የንዝረት) ሞገድ ልኬት ተጣምረው ሠርተዋል፤ ጉዳቱም በግንባታ ጊዜ ከተቀበሩ የቅየሳ ምልክት ቱቦዎች ጋር የተያያዘ ነበር። በእኔ እምነት ልኬቱ መቅደም አለበት፤ ያውም የሐይቁ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ተደጋግሞ፤ ቁፋሮው ደግሞ ልኬቱ ባመለከታቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ይከተል።