የጭነት ሂሳቤን ላስመለሰችልኝ ጠበቃ

ምስጋናዬን በስልክ ነግሬያታለሁ፤ የእኔ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው እንዲሰማ ግን እዚህም ልጻፈው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ፌሮ ጫንኩ። በየጉዞው 400 ኩንታል፣ በኩንታል 350 ብር፣ በድምሩ 420,000 ብር። ሾፌሬ ከነተሳቢው የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ አንዲት ፌሮ ሳያጎድል አስረከበ። ክፍያው ግን «በሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ሰባት ወር አለፈው። ለነዳጅና ለጎማ የተበደሩትን እየከፈሉ የገዛ ገንዘብን መለመን ያማል። አንድ ደላላማ «ሲሶውን ስጠኝና ላውጣልህ» ብሎኝ ነበር።

ጠበቃዋ በቅድሚያ የጠየቀችኝ ሰነድ ነው። ሾፌሩ በመኪናው በር ኪስ አጣጥፎ ያስቀመጣቸውን፣ ዘይት የነካቸውን የርክክብ ወረቀቶች አንድ በአንድ እያቃናች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ሦስተኛው ማኅተም ስላልነበረው ተስፋ ቆርጬበት ነበር። እሷ የመጋዘን ኃላፊውን ፊርማ ከሁለቱ ጋር አመሳክራ፣ «ጋሼ፣ የዚያን ዕለት የሚዛን ወረቀት ይኖርዎታል?» አለችኝ። ነበረኝ። የሰሌዳ ቁጥሩም፣ ቀኑም፣ ክብደቱም ገጠመ።

ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላከች። እኔ የሰባቱም ወር ወለድ ይታሰብልኛል ብዬ ነበር። የክፍያ ቀን በጽሑፍ ስላልወሰንን ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተቀመጠው በዓመት 9 በመቶ ወለድ የሚቆጠርልኝ ማስጠንቀቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ነገረችኝ። እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ የማይገኝ ነገር አላስመኘችኝም፤ ከሁሉ የወደድኩላት ይህን ነው። ክሱን አዘጋጅታ መዝገብ ልታስከፍት ስትል ነጋዴው ለድርድር መጣ። ማስጠንቀቂያው በደረሰው በአራተኛው ወር ዋናው ገንዘብ ከ12,600 ብር ወለድ ጋር ባንክ ገባልኝ። አስቀድመን በጽሑፍ ከተዋዋልነው በላይ አንዲት ሳንቲም አልጠየቀችኝም። በዚያው ዕለት የሾፌሬን ውዝፍ አበል ከፈልኩ።

የጭነት መኪና ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሾፌሮቻችሁ ማኅተም ሳያስመቱ ከመጋዘን አይውጡ፤ የሚዛን ወረቀት አትጣሉ፤ የክፍያውን ቀን በውሉ ላይ አስጽፉ። የጭነት ሂሳቡ ያልተከፈለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ቢሮዋ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። ስትሄዱ ወረቀቶቻችሁን በሙሉ፣ የተቀዳደዱትንም ጭምር ይዛችሁ ሂዱ።