ለአነስተኛ ሜዳሊያዎች ምርመራ የሚያገለግል ባለመብራት አጉሊ መነጽር

አነስተኛ ወታደራዊ ሜዳሊያዎች፣ ማለትም የሙሉ መጠን ሜዳሊያዎች ትንንሽ ቅጂዎች፣ ብዙውን ጊዜ የዋናዎቹን ግማሽ ያህል ስፋት ስላላቸው፣ ለምሳሌ 36 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የእንግሊዝ ሜዳሊያ በአነስተኛ ቅጂው ወደ 18 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። የተሸላሚው ስም በጠርዛቸው ላይ የሚቀረጸውም ከስንት አንዴ በመሆኑ፣ ሰብሳቢው በዋናነት የሚመረምረው አሠራራቸውን ነው።

ነጭና አልትራቫዮሌት መብራት የተገጠመለትን ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በብረት ቅርጽ ተመትቶ የተሠራ ሜዳሊያ ፊደላቱ ጥርት ብለው፣ መደቡም ልስልስ ሆኖ ይታያል፤ ከእውነተኛው ላይ ቅርጹ ተወስዶ በቀለጠ ብረት የተሠራው ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎችን፣ የደበዘዙ መስመሮችንና አንዳንድ ጊዜም በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ ምልክት ያሳያል። ይህን ልዩነት በግልጽ ማየት መቻል ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ያወጣል።

አልትራቫዮሌቱ የሚጠቅመው ለሪባኑ ነው። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ጦርነት ዘመን ተሠርቷል የተባለ ሪባን ወይም የተሰፋበት ክር ደምቆ ካበራ፣ በኋላ ዘመን የመጣ፣ ጨርቅን አንጽቶ የሚያሳይና በአልትራቫዮሌት ሥር የሚያበራ ኬሚካል እንደነካው ይጠቁማል። ሆኖም ያረጀ ሪባን ይለወጣል፣ በዘመናዊ ሳሙናም ይታጠባል፤ ስለዚህ በዚህ ምልክት ብቻ ሜዳሊያውን ሐሰተኛ ማለት ተገቢ አይደለም።

ጉድለቱ ነጩ መብራት ነው። በተወለወለ ብር ላይ በኃይል ስለሚያንጸባርቅ፣ በማንጠልጠያው ላይ የሚገኘውን ደቃቅ የብር ጥራት ማኅተም ይሸፍናል፤ በባጆች ኢናሜል (መስታወት መሰል ባለቀለም ልባጥ) ላይ ያለውን ስንጥቅና ጥገናም እንዲሁ። መብራቱን አጥፍቶ ብርሃን ከጎን እንዲያርፍ ማድረግ የተሻለ ስለሆነ፣ ገዢዎች ሁለቱ መብራቶች በየራሳቸው ማብሪያ የሚሠሩበትን ዓይነት እንዲመርጡ እመክራለሁ።