ኤክሴል፣ ኢትሞድ ወይስ ሲጂኢ? የግብር ጥያቄ ይዞ ሞዴል ለሚመርጥ

"ጋሼ፣ ስታታ ልግዛ ወይስ ጋምስ?"

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ልጁ የማስተርስ ጽሑፉን ሊጀምር ነው። ስታታና ጋምስ በዶላር የሚሸጡ የስሌት ሶፍትዌሮች ናቸው። ብሩን ከታላቅ ወንድሙ ተበድሯል። በዶላር የሚከፍልለት ዘመድም ውጭ አገር አፈላልጎ አግኝቷል። ሁሉ ተሟልቷል።

"ጥያቄህ ምንድን ነው?" አልኩት።

ትንሽ አሰበ። "የደመወዝ ግብር መቀነሱ ድሃውን ጠቅሟል ወይ የሚል ነው።"

"እንግዲያው ብሩን ለወንድምህ መልስ።"

እንዲህ የሚጣደፈው እሱ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ስንቱ መምህር፣ ስንቱ የገቢዎች ባለሙያ፣ ስንቱ የፕሮጀክት ሰነድ ጸሐፊ ሶፍትዌሩን አስቀድሞ ጥያቄውን ያስከትላል። ስለዚህ ሕግ ሲቀየር ማን እንደሚጠቀም፣ ማን እንደሚጎዳ የሚያሰሉትን፣ በገበያው ላይ ያሉትን ሞዴሎች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ገበያ አልኩ እንጂ አብዛኞቹ ነፃ ናቸው። የሚያስከፍሉት ጊዜ ነው።

ኤክሴል፣ የማይናቀው

ሦስት ሰው እንውሰድ። ወር ላይ 2,000 ብር የሚያገኝ ጥበቃ፣ 6,000 ብር የሚያገኝ አስተማሪ፣ 20,000 ብር የሚያገኝ ባለሙያ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ጥበቃው 157 ብር ከ50 ሳንቲም፣ አስተማሪው 935 ብር፣ ባለሙያው 5,500 ብር ይቆረጥባቸው ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 1395፣ መጣ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። 35 በመቶ የሚቆረጠውም ከ10,900 ሳይሆን ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ሆነ። አሁን ጥበቃው ምንም አይከፍልም። አስተማሪው 700፣ ባለሙያው 4,950 ብር ይከፍላሉ።

ኪሳቸው ውስጥ የቀረውን እዩት። ጥበቃው 157 ብር ከ50፣ አስተማሪው 235፣ ባለሙያው 550 ብር አተረፉ። በብር ካያችሁት ብዙ የተጠቀመው ባለ ትልቁ ደመወዝ ነው። ከደመወዛቸው አንጻር ካያችሁት ግን ጥበቃው ወደ 8 በመቶ፣ አስተማሪው ወደ 4 በመቶ፣ ባለሙያው 3 በመቶ እንኳ የማይሞላ ነው ያገኙት። አንዱ "ሀብታሙን ጠቀመ"፣ ሌላው "ድሃውን ጠቀመ" እያለ ሲከራከር ብታገኙ ሁለቱም አልዋሹም። የተጣሉት በመለኪያው ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። መብራት ቢሄድ በካልኩሌተርና በወረቀትም ይሠራል። የአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ዝርዝር ይዛችሁ "በዓመት ስንት ብር ግብር ይቀንሳል?" የሚል ጥያቄ ብቻ ካላችሁ ከኤክሴል በላይ አትሂዱ።

የኤክሴል ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አስተማሪው ስንት ልጅ እንደሚያሳድግ አያውቅም። ሚስቱ ደመወዝ ይኑራት አይኑራት አያውቅም። ማቻክል ላይ በሬ ጠምዶ የሚውለው ገበሬና ጠላ ሸጣ የምታድረው እናት ጭራሽ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ የሉም። የልጁ ጥያቄ ደግሞ ስለ ድሃው ነበር። ድሃው ሠንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ሠንጠረዡ ስለ ድሃው ምን ሊነግረን ይችላል?

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመት በፊት እኔም ተሸውጃለሁ። አንድ አማካሪ "የተዘጋጀ የግብር ሞዴል" ብሎ የኤክሴል ፋይል ሸጠልኝ። የሚያምር ግራፍ ነበረው። ቀመሮቹ በይለፍ ቃል ተቆልፈዋል። በኋላ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉኝ በእጄ እያሰላሁ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለካ የግብር መደቡ የድሮው ነው፤ ከአዋጅ 979 በፊት የነበረው። ቀመሩን የማያሳያችሁን ሞዴል አትግዙ። ነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ኢትሞድ፣ በማግስቱ የሚሆነውን

የቤተሰብ ማይክሮሲሙሌሽን የሚባለው ሐሳብ የቆየ ነው። ጋይ ኦርከት የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. ነው ያቀረበው። ነገሩ ሲገለጥ ቀላል ነው። ከቤተሰብ ወጪና ፍጆታ ዳሰሳ እውነተኛ ቤተሰቦችን ትወስዳላችሁ። በእያንዳንዱ ቤተሰብ ላይ አንድ በአንድ ሕጉን ትተገብራላችሁ፦ የደመወዝ ግብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሴፍቲኔት። ቀጥሎ ሕጉን ቀይራችሁ እንደገና ታሰላላችሁ። ልዩነቱ መልሳችሁ ነው። ማን አገኘ፣ ማን አጣ፣ የድህነት መጠኑ ስንት ሆነ፣ ጂኒው፣ ማለትም የሀብት ልዩነት መለኪያው፣ ወጣ ወይስ ወረደ፣ መንግሥት ስንት ከፈለ።

የኢትዮጵያው ኢትሞድ ይባላል። የተሠራው ሳውዝሞድ በተባለው ፕሮጀክት ሥር ነው። ሄልሲንኪ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የልማት ኢኮኖሚ ምርምር ተቋም፣ የእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ያሉበት ነው። የሚሠራበት ሶፍትዌር ለአውሮፓ አገሮች የተዘጋጀው ዩሮሞድ ነው። ለምርምር በነፃ ይሰጣል፤ ግን መጠየቅ አለባችሁ። የዳሰሳ መረጃውንም በየትኛው ፈቃድ እንደምታገኙ ለብቻው ጠይቁ። ሞዴሉና መረጃው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዊንዶውስ ያለው ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ኔትወርክ ሳምንት ቢጠፋም ሥራችሁ አይቆምም። ስታታም የግድ አይደለም። ውጤቱ በጽሑፍ ፋይል ስለሚወጣ አር በሚባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ልትተነትኑት ትችላላችሁ። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል ሰውም ይሠራበታል፤ የግብር መደቡ እንደ ሠንጠረዥ ተቀምጧል፣ ቁጥሩን ትቀይራላችሁ፣ "አሂድ" ትሉታላችሁ። ስትረከቡት ግን የስንት ዓመተ ምሕረት ሕግ ውስጡ እንዳለ ተመልከቱ። የ2017ቱ መደብ ከሌለበት ራሳችሁ አስገቡት።

አንድ የጎጃም ምሳሌ ልስጥ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሙከራ ሲጀምር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። መዋጮ በቤተሰብ እኩል ሲተመን አንድ ጥማድ መሬት ያለውም ስምንት ጥማድ የሚያርሰውም ያው ነው የሚከፍሉት። እንግዲህ "መዋጮው እንደ ሀብት መጠን ቢለያይስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለኢትሞድ ዓይነት ሞዴል ተለክቶ የተሰፋ ነው። ስንት ቤተሰብ እንደሚቀልለው፣ ስንቱ እንደሚከብደው፣ ፈንዱ እንደሚጎድል ወይም እንደሚተርፍ በአንድ ከሰዓት ታዩታላችሁ።

የሴፍቲኔት ክፍያን ስለማሳደግ ከሆነ ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ወረዳዎች ነው የያዘው። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሚባል ብዙው ወረዳ ከዚያ ውጭ ነው። ሞዴሉ "ለጎጃም ብዙም ለውጥ የለም" ቢላችሁ አትደንግጡ። ስህተት ሳይሆን መልሱ ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ። ኢትሞድ የሚያሳያችሁ በማግስቱ የሚሆነውን ነው። ሕጉ ትናንት ማታ ተቀየረ፤ ዛሬ ጠዋት ማን ምን ያህል ይዟል? ሰው ሥራ እንደሚቀይር፣ ዋጋ እንደሚጨምር፣ ነጋዴ ደረሰኝ እንደሚተው አይቆጥርም። ግብር የተጣለበት ሁሉ ይከፍላል ብሎ ነው የሚነሣው።

ይህ ግምት ጎጃም ላይ አንዴ ክፉኛ ተፈትኗል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ለድሃው ገበሬ የተሻለ ነበር የሚሉ አሉ። ዳሞት፣ ሞጣ፣ ቢቸና ያለው ገበሬ ግን ገማቹን አላስገባም አለ። እሱ ያየው የግብሩን መጠን ሳይሆን መሬቱ መለካቱን ነው። መሬት ከተለካ ርስት ይሄዳል ብሎ ፈራ። ነገሩ ወደ አመፅ ሄደ፣ ጦር ዘመተ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። የትኛውም ሶፍትዌር "ርስት" የሚል ዓምድ የለውም። ስለዚህ የእርሻ ግብርን ወይም የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያን የምትሞክሩ ከሆነ፣ ሁሉም ይከፍላል ከሚለው ስሌት ጎን ሦስት አራተኛው ቢከፍል፣ ግማሹ ቢከፍል እያላችሁ ደጋግማችሁ አስኪዱ። ማሽኑ አይደክመውም።

ሌላም አለ። የእኛ ዳሰሳ የሰውን ወጪና ፍጆታ እንጂ ገቢውን በደንብ አይዝም። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የበላው ጤፍ በግምት ነው ብር የሚሆነው። "ምሥራቅ ጎጃምን ብቻ ነጥዬ ላውጣ" ካላችሁም ናሙናው ያንን ይሸከም እንደሆነ የዳሰሳውን ሰነድ አንብቡ። ሃምሳ ቤተሰብ ይዞ ስለ ዞን ማውራት ድፍረት ነው።

ሲጂኢ፣ አቧራው ከሰከነ በኋላ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ማዳበሪያ የሚገዛው በዶላር ነው። ማዳበሪያ ሲወደድ የጤፍ ማምረቻ ወጪ ይጨምራል፤ ጤፍ ሲወደድ ሸጦ የሚያድር ገበሬ ሲጠቀም ገዝቶ የሚበላው አስተማሪ ይጎዳል፤ አስተማሪው ሥጋ ሲተው የከብት ገበያው ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ኢትሞድ አያየውም። ይህ የሲጂኢ፣ የአጠቃላይ ሚዛን ሞዴል ሥራ ነው። ኖርዌያዊው ሌይፍ ዮሃንሰን በ1960 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዓይነት ነው።

ሲጂኢ የሚቆመው ሳም በሚባል ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ነው። በአገሪቱ ውስጥ ማን ለማን እንደከፈለ የሚያሳይ ነው። ለኢትዮጵያ የ1998 ዓ.ም. አለ፣ ከዚያ በኋላም የ2008 ዓ.ም. ተሠርቷል። የእያንዳንዱ ረድፍ ድምር ከዓምዱ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ይሄ ቀላል ይመስላል። እኔ አንድ ጊዜ የጤፍን ረድፍ ከእህል ልለይ ብዬ ሦስት ሌሊት አድሬበታለሁ። መጨረሻ ላይ ያጠፋው አንድ ሳጥን ውስጥ የቀረ የመቀነስ ምልክት ነበር።

ወጪውስ? የሞዴሉ ቀመር በነፃ ይገኛል፤ ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋምም፣ ፔፕ የሚባለው የምርምር ጥምረትም ያዘጋጇቸው አሉ። ሁለቱም የሚሠሩት በጋምስ ነው። ጋምስ ነፃ የሙከራ ፈቃድ አለው፤ ትንሽ ሞዴል ግን ብቻ ነው የሚችለው። ሙሉው በዶላር ነው፣ ያውም ቀላል ዶላር አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችሁ ካልገዛ በግል አትሞክሩት።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሲጂኢ ውስጥ "ቤተሰብ" ማለት ቡድን ነው፦ የገጠር ድሃ፣ የከተማ ሀብታም፣ እንዲህ እያለ። በቡድኑ ውስጥ ያለው ልዩነት አይታይም። ስለ ኢኮኖሚ እኩልነት ልታወሩ መጥታችሁ እኩልነቱን ሞዴሉ ራሱ ደምድሞ ይሰጣችኋል። አንዳንዶች የሲጂኢውን ዋጋ አውጥተው ማይክሮሲሙሌሽን ውስጥ ያስገቡታል። ያ ለዶክትሬት ነው። ለስድስት ወር ጽሑፍ አይሆንም።

ሌሎቹን ባጭሩ

ፈረንሳይ ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕንፊስካ ሕግን በፓይተን ኮድ የሚጽፍ ነው። ነፃም ግልጽም ነው። ፓይተን የሚችል ወጣት ይወደዋል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የኢትዮጵያን ሕግ ከባዶ ልትጽፉ ነው። ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ጊዜ ካላችሁ ይሁን።

"ቢቀየርስ" ሳይሆን "ዛሬ ማን ከፍሎ ማን ይቀበላል?" ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ ሴኪው የሚባለው ዘዴ አለ። መመሪያው ነፃ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዳሰሳ ላይ ተመሥርቶ ለኢትዮጵያ ተሠርቷል። ውጤቱ ያስገርማል፤ ግብርና ድጎማ ተደምረው የሀብት ልዩነቱን አጠበቡ፣ ይሁንና ከሚቀበሉት በላይ የሚከፍሉ ድሃ ቤተሰቦችም ተገኙ። ልዩነት እየጠበበ ድህነት ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ጂኒ ብቻ አትለኩ።

እኔ ዛሬ ብጀምር መጀመሪያ አምስት ቤተሰብ በኤክሴል በእጄ እሠራ ነበር። ከዚያ ኢትሞድ። ኢትሞድ ለነዚያ አምስት ቤተሰቦች ያው ቁጥር ካላወጣ ወይ እኔ ወይ እሱ ተሳስተናል፤ ያንን ሳላጣራ አልቀጥልም። ሲጂኢን የምነካው ጥያቄዬ ውስጥ ምንዛሪ፣ ነዳጅ ወይም ማዳበሪያ ካለ ብቻ ነው።

ልጁ ኢትሞድን ጠየቀ። የጥያቄ ቅጹን አብረን ሞላነው። ብሩን ግን ለወንድሙ አልመለሰም። ባትሪው ስምንት ሰዓት የሚቆይ ላፕቶፕ ገዛበት። ለወንድሙም ሶፍትዌር ነው ብሎ ነገረው።