የዛገ ማርሚታ፦ ቀለም ይሻላል፣ ሴራሚክ፣ ክሮም ወይስ አዲስ?

ሞተር ሳይክል የቱንም ያህል ቢታጠብ ማርሚታው ከዛገ ያረጀ ይመስላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ዝገት ሲያይ መጀመሪያ የሚሮጠው ቀለም ለመግዛት ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቱቦውንና ማርሚታውን በካቻቪቴ እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኩ። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከታፈነ፣ ወይም ስትነቀንቁት ውስጡ የዝገት ቅርፊት ከተንኮሻኮሸ፣ ችግሩ ከውስጥ ነው። የብየዳ መስመሩንና የታችኛውን ወገን በካቻቪቴው ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ከሰረጎደ ቀለም አያድነውም።

የማርሚታ ነገር ውስጡን ለቄስ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጠራል። ቱቦው በደንብ ከጋለ ውሃው ተንኖ ይወጣል። አጭር መንገድ እየሄደ የሚቆም ሞተር ግን ማርሚታው ሳይግል ይጠፋል። ውሃው ታች ይተኛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። በብዙ ማርሚታዎች ስር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ይህን ውሃ እንድታፈስ ሆን ተብላ የተበሳች ናት። ብልሽት መስሏቸው በብየዳ የሚደፍኗት አሉ። እባካችሁ አትድፈኗት።

ዝገቱ የላይ የላዩን ብቻ ከሆነና ቱቦው ክሮም ያልሆነ ተራ ብረት ከሆነ፣ የኔ ምርጫ ሙቀት የሚችል ስፕሬይ ቀለም ነው። ርካሽ ነው፣ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ፣ ሲበላሽም መድገም ይቻላል። ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አንብቡ። ከሞተሩ ቴስታ (ከላይኛው ራስ) የሚወጣው ጭስ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ለቴስታው ቅርብ ለሆነው ቱቦ 600 ወይም 650 ዲግሪ የሚል ቀለም ያስፈልጋል። ወደ ኋላ ያለው ማርሚታ ሙቀቱ ስለሚቀንስ ያነሰውም ይበቃዋል። ተራ ስፕሬይ ግን በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ይጨሳል፣ ከዚያ ይላጣል። በፓውደር (በዱቄት) የሚሠራው የተለመደ ቀለምም ለፊተኛው ቱቦ አይሆንም። ዚንክ ያለበትን ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን መነሻ) ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩ። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲግል የሚወጣው ጭስም ለጤና ጎጂ ነው።

በዚህ ቀለም ላይ የሚሰማው እሮሮ፣ ማለትም «ወር ሳይሞላው ተላጠ» የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ ጥፋት አይደለም። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ ካልነጣ ቀለሙ የሚይዘው ዝገቱን ነው። ከፈቃችሁ በኋላ በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ በባዶ እጅ አትንኩት። አንዴ አወፍሮ ከመቀባት ስስ አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ መንፋት ይሻላል። ወፍራሙ ሲግል ይቆረፍዳል። ደግሞም ይህ ቀለም በመድረቅ ብቻ አይጠነክርም። ጥንካሬ የሚያገኘው በሙቀት ነው። ሞተሩን ውጭ፣ አየር ባለበት ቦታ ለጥቂት ደቂቃ አስነሱ፣ አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ድገሙት። ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ ረጅም መንገድ መውጣት ልፋቱን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ያደርገዋል።

ዝገት ወደ ጥቁር ሽፋን የሚቀይረው ፈሳሽስ? ማርሚታውን ለሚይዘው ማቀፊያ ጥሩ ነው። ለጋለው ቱቦ ግን አልመክረውም።

ሴራሚክ ሽፋን ከስፕሬይ በግልጽ ይበልጣል። ባለሙያው ቱቦውን በአሸዋ ነፍቶ ያጸዳል፣ ይቀባል፣ በምድጃ ያበስላል። ሙቀት ይችላል፣ ከቱቦው ወደ እግር የሚመጣውንም ወላፈን ይቀንሳል። ዋጋው ግን ከቆርቆሮ ቀለም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ የሚገባው ብረቱ ወፍራምና ጤነኛ ለሆነ፣ ምትክ ለማይገኝለት ወይም ምትኩ በጣም ለሚወደድ ማርሚታ ነው። ስታሠሩ «ውስጡንም ትቀባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጩን ብቻ ከቀቡት የውስጡ ዝገት ይቀጥላል።

ክሮም ሌላ ታሪክ ነው። የሚያብረቀርቀው የክሮም ንብርብር ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በታች የሆነ ስስ ነገር ነው። ዝገትን በዋናነት የሚከላከለው ከስሩ ያለው ኒኬል ነው። ነጠብጣብ ዝገት ብቻ ካለበት ምንም አትግዙ። የአሉሚኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ በውሃ አርጥባችሁ እሹት። አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ያነሳል። ከተላጠ እንደገና ክሮም ማስነከር አለ። ሆኖም ብዙ አስነካሪዎች ያገለገለ ማርሚታ አይቀበሉም፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ጥላሸትና ዘይት መንከሪያቸውን ያበላሻል። የተላጠ ክሮም ላይ ቀለም መንፋትም ካሰባችሁ ለስላሳውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት። አለዚያ አይዝም።

በፋይበርግላስ ጨርቅ መጠቅለልን ብዙ ወጣቶች ይወዱታል። መልኩ ያምራል፣ እግርንም ከሙቀት ያድናል። በተራ ብረት ቱቦ ላይ ግን እቃወመዋለሁ። ዝናብና የእጥበት ውሃ ይመጥጣል፣ ብረቱ ላይም አጣብቆ ያቆየዋል። ከስሩ የሚሆነው ደግሞ አይታይም። አንድ ክረምት ተጠቅልሎ የቆየ ቱቦ ፈትቼ አይቻለሁ፤ ጨርቁ ሲነሳ ብረቱ አብሮ በቅርፊት ቅርፊት ተነሳ።

ማርሚታው ከተበሳ ወይም በካቻቪቴ ከሰረጎደ፣ ያለማወላወል አዲስ ግዙ። ከቻላችሁ ስቴይንለስ (ዝገት የሚቋቋም ብረት) ይሁን። 304 የሚባለው ዓይነት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለበት። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር የሚሠራው ስስ ሽፋን ሲጫር ራሱን ይጠግናል። 409 የሚባለው 11 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ርካሽ ነው። ላዩ ቡናማ ዝገት ሊያወጣ ይችላል፣ ግን ከተራ ብረት እጅግ ይቆያል። ሻጭ «ማግኔት የማይስበው ብቻ ነው ስቴይንለስ» ብሎ በማግኔት ሲያሳያችሁ አትቸኩሉ። 409ኙ እውነተኛ ስቴይንለስ ሆኖ ሳለ ማግኔት ይስበዋል። ይልቅ ማቀፊያውንና የብየዳውን መስመር ተመልከቱ። ሽፋኑ ብቻ ስቴይንለስ ሆኖ ማቀፊያው ተራ ብረት የሆነ ብዙ አለ። ከድሮው ይበልጥ አየር የሚያሳልፍ ከሆነም ነዳጁ እንደገና መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

ስትገጥሙት ከቴስታው ጋር የሚያያዝበትን ጋስኬት (ጭስ እንዳያመልጥ በመጋጠሚያው የሚገባውን) አዲስ አድርጉ። ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ ቱቦውን በሙሉ በአሴቶን ጥረጉ። የጣት አሻራ ከጋለ በኋላ ስቴይንለስ ላይ ታትሞ ይቀራል።