የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች አገልግሎት፦ ከአምስት ኮከብ ሦስት

ልጄ በዋሽንግተን ዲሲ አራተኛ ክፍል ይማራል። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰው አክባሪ ናት፤ በዚህ አላማም።

ችግሩ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ መምጣቱ፣ አስተርጓሚዬም ራሱ ልጄ መሆኑ ነው። «ጎበዝ ነው ይላል» እያለ ሲያነብልኝ ከርሞ፣ ለካ ወረቀቱ የሚለው «በንባብ ወደ ኋላ ቀርቷል» ኖሯል! (አልተቆጣሁትም፤ እኔም በልጅነቴ ካርድ ደብቄ አውቃለሁ።)

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ወላጅ የልጁን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት እንደሚሰጠው፣ ትምህርት ቤቱም በ45 ቀን ውስጥ ማሳየት እንዳለበት የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። በጽሑፍ ጠየቅሁ። በ19ኛው ቀን ማኅደሩን ከፊቴ ዘረጉልኝ፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረትም ያለ ክፍያ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኙኝ። አንዱ ገጽ ጠርዝ ላይ መምህሩ በእርሳስ «ጮክ ብሎ ማንበብ ያፍራል» ብሎ ጽፏል። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ማታ ማታ አብሬው አነብ ነበር።

መብቴን በየዓመቱ ማሳወቅ የእነርሱ ግዴታ ነው። ምናልባት አሳውቀውኝ ይሆናል፤ ያው በእንግሊዝኛ። ሁለቱን ኮከብ የነሣኋቸው ለዚህ ነው። አሁን ቅጹ ላይ «አማርኛ» ብዬ ሞልቻለሁ፤ የሚቀጥለው ደብዳቤ በአማርኛ ከመጣ አንዱን እመልሳለሁ።